በፌስታል ውስጥ ካለው ወረቀት ተነስቶ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚ ቶሎ የመሞት አደጋውን እንዴት እንገምታለን

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ አላቸው?» ይሄ ጥያቄ አልጋው አጠገብ አይጠየቅም፣ ኮሪደር ላይ ነው የሚጠየቀው፣ ያውም አባትየው ሽንት ቤት እስኪሄዱ ተጠብቆ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ደሴ ቀዶ ህክምና ክፍል ስሠራ ስንቴ እንደተጠየቅኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። መጀመሪያ አካባቢ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብዬ እሸሽ ነበር፣ ውሸትም አይደል፣ ግን ሰውየው የጠየቀኝ እሱን አይደለም። ልጁ ማወቅ የፈለገው አዲስ አበባ ለመሄድ በሬውን ይሽጥ ወይስ ይቆይ፣ አረብ አገር ያለችው እህቱ አሁን ትምጣ ወይስ ለበዓል፣ ይሄን ነው። እዚህ ላይ «አላህ ያውቃል» ብቻ ብሎ መተው መሸሽ ነው።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለአስታማሚና ገና ዋርድ ለገባ ጀማሪ ባለሙያ ነው። ሀኪም አይተካም፣ መድሃኒትም አያዝም። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ነው። ሰው ሁሉ ስቴጁን (ካንሰሩ የደረሰበትን ደረጃ) ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ስቴጅ ትልቅ ነገር ነው አዎ፣ ግን መጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት ላይ ማን እንደሚወድቅ የሚነግራችሁ ሰውየው ምን ያህል አቅም ይዞ እንደመጣና በእግሩ መጣ ወይስ በድንገተኛ በር ገባ የሚለው ነው፣ ደግሞ ደስ የሚለው ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የሚስተካከል መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ «ቶሎ» ማለት ስንት እንደሆነ እንስማማ። ጥናት የሚሠሩት ብዙዎቹ በሽታው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ የሚመጣውን ሞት ነው የሚወስዱት፣ ቀዶ ህክምና ላይ ያሉት ከኦፕራሲዮን በኋላ 30 ቀን እና 90 ቀን ይቆጥራሉ፣ 1 ዓመት የሚወስዱም አሉ። እነዚህን አትደበላልቁ፣ የሚገድለው ነገር ይለያያላ። በ30 ቀን ውስጥ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን ኢንፌክሽን፣ የተሰፋው አንጀት መጋጠሚያው ማፍሰስ፣ ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ የሚቀመጥ የረጋ ደም፣ ከዛ የልብና የሳንባ ችግር ነው። 3 ወር ላይ ደግሞ የተሰራጨው ካንሰር፣ የጉበት መድከምና ሰውነት አልቆ መክሳት ይመጣሉ። ለምን ያህል ጊዜ እየገመታችሁ እንደሆነ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ፣ ያለዛ ሁለት ሰው ስለ ሁለት ነገር እያወራ ይጨቃጨቃል።

አሁን ፌስታሉን አልጋው ላይ ገልብጡት። ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ የኮሎኖስኮፒ (አንጀት ውስጥ በካሜራ የታየበት) ወረቀት፣ ፓቶሎጂ (የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ ውጤት)፣ ላብራቶሪ፣ የሪፈር ደብዳቤ፣ መሃል ላይ የመድሃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የሆነ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት የሲጋራ ካርቶን፣ ሁሉም አለ እዛ ውስጥ። በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ካርዱ የሚጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ የፓቶሎጂውና የሲቲ ስካኑ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው የሚመጣው። ዓመቱ ስለሚለያይ እሱን ታውቁታላችሁ፣ ወሩ ነው ጉድ የሚሠራው። 6 የሚል ወር ካርዱ ላይ የካቲት ነው፣ ሲቲው ላይ ጁን ነው፣ መሃላቸው አራት ወር ነው። የአራት ወር ስህተት ለካንሰር ቀላል አይደለም፣ አዲስ ሲቲ አሮጌ ይመስላችኋል፣ አሮጌው አዲስ። ሁሉንም ወደ አንዱ ቀይሩና ጎኑ ላይ በቀይ ጻፉት።

ከተደረደረው ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት ፓቶሎጂውን ነው፣ ቀዶ ህክምና ተሠርቶ ከሆነ ማለቴ ነው። እዛ ላይ ቲ፣ ኤን እና ኤም የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉ። ቲ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ሰርስሮ እንደገባ ነው፣ ቲ4 ከሆነ ግድግዳውን ጨርሶ ወደ ውጭ ወጥቷል ወይ ጎረቤት አካል ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። ኤን ንፍፊቶቹ ናቸው፣ ከ1 እስከ 3 ንፍፊት ላይ ከተገኘ ኤን1፣ 4 እና ከዛ በላይ ከሆነ ኤን2። ኤም ሌላ አካል ጋ ሄዷል ወይ ነው። ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው፣ ከዛ ሳንባ፣ አንዳንዴ ደግሞ የሆድ ዕቃውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ። ይሄ የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ሰውየው ምግብ ያስጠላዋል።

ሰው የማያየው አንድ ቁጥር ደግሞ አለ። ስንት ንፍፊት ተመረመረ? ቢያንስ 12 መሆን አለበት ነው የሚባለው። ወረቀቱ ላይ «የተመረመሩ 4፣ ካንሰር የተገኘባቸው 0» የሚል ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፣ አራት ብቻ ታይቶ ንፁህ ነው ማለት ግቢው ውስጥ አራት ክፍል ፈትሾ ሌባ የለም እንደማለት ነው። እንደዚህ አይነቱ ስቴጅ 2 (ንፍፊት ያልነካ) ተብሎ ይጻፍና ሊሆን የሚችለው ስቴጅ 3 (ንፍፊት የነካ) ነው፣ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ሊያስፈልገው ይችላል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ ሀኪሙን ጠይቁ።

የስቴጁን ክብደት ለማወቅ ያህል፣ የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ላይ ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ የተገኘባቸው ሰዎች 5 ዓመት የመቆየት ዕድላቸው 91 በመቶ ገደማ ነው፣ አካባቢው ላይ ወይ ንፍፊት ላይ ከደረሰ 73 ገደማ፣ ሩቅ አካል ላይ ከሄደ 13 ገደማ። ይሄ የአሜሪካ ሰው ቁጥር ነው፣ እዛ ኬሞው በሰዓቱ ይሰጣል፣ ሲቲው በሰዓቱ ይነሳል፣ ደሴ ላይ ቃል በቃል አትውሰዱት። ቅደም ተከተሉ ግን እዚህም ያው ነው። ደግሞ ስቴጅ 4 (ሩቅ አካል ላይ የሄደው) ሁሉ አንድ አይደለም፣ ጉበት ላይ ብቻ ሆኖ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል ከሆነ ከዛ ውስጥ ጨርሰው የሚድኑ አሉ፣ «ስቴጅ 4 ነው በቃ» ብሎ ሰውን ወደ ቤት መመለስ ከዚህ በፊትም አስቆጥቶኛል፣ አሁንም ያስቆጣኛል።

ቀጥሎ እንዴት መጣ የሚለውን ጠይቁ። ካንሰሩ በስተግራ በኩል ከሆነ አንጀቱ ጠበብ ይላል፣ ሰገራውም ጠጣር ነው፣ ስለዚህ ይዘጋል። በስተቀኝ ከሆነ አንጀቱ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ቶሎ አይዘጋም፣ ዝም ብሎ እየደማ ሰውየውን ያገረጣዋል፣ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፣ ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ የቀኙ ከግራው ይከፋል። እኛ ጋ ብዙው ሰው ደም ሲያይ «ኪንታሮት ነው» ይላል፣ ተቅማጥ ሲመጣ «አሜባ ነው» ይላል፣ ኪኒን ይገዛል፣ ስድስት ወር ያልፋል። አንጀቱ ተዘግቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰው በሌሊት የገባ ሰው እና በቀጠሮ በእግሩ መጥቶ የተሠራለት ሰው ስቴጃቸው አንድ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ወር አደጋቸው በጣም ይራራቃል። አንጀቱ ተበስቶ ከሆነማ ሌላ ወሬ ነው። አንድ ማስታወሻ፣ በኛ ደጋ አንጀት መጠምዘዝ ብዙ ነው፣ ሆድ የተነፋ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ካልተረጋገጠ በፊት ማንም ምንም አይገምት።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጡትና ሰውየውን እዩት። እዚህ ላይ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ።

ሀኪሞቹ ከ0 እስከ 4 የሚሰጡት የአቅም ነጥብ አለ፣ ኢኮግ ይሉታል። 0 ማለት እንደ ድሮው ነው፣ 1 ከባድ ሥራ አይሠራም ግን ይንቀሳቀሳል፣ 2 ራሱን ይችላል ግን ሥራ አይሠራም፣ ነቅቶ ከሚቆይበት ጊዜ ከግማሽ በላዩን ከአልጋ ውጭ ነው፣ 3 ከግማሽ በላዩን አልጋ ላይ ወይ ወንበር ላይ ነው፣ 4 ጨርሶ አይነሳም። ችግሩ አስታማሚን «ኢኮጉ ስንት ነው» ብትሉት ምን ይላችኋል፣ ታማሚውን «እንዴት ነዎት» ብትሉት ደግሞ «አልሃምዱሊላህ» ወይ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚላችሁ፣ እየሞተም ቢሆን። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። «ሱብሂ መስጂድ ይወርዳሉ?» «ዙህርስ?» «ቆመው ነው የሚሰግዱት ወይስ ተቀምጠው?» ክርስቲያን ከሆኑ «እሁድ ቅዳሴ እስከ መጨረሻው ይቆማሉ ወይስ መቋሚያ ይዘው፣ ወይስ ቀርተዋል?» መቼ እንደቀሩ ቀኑን ያውቁታል፣ ሰው ቤተክርስቲያን ወይ መስጂድ የቀረበትን ቀን አይረሳም። ደሴ ዳገት ናት፣ ፒያሳ ደርሰው በእግር ይመለሱ የነበሩ ሰው መቼ ባጃጅ መያዝ እንደጀመሩ ጠይቁ፣ ጥሩ መልስ ታገኛላችሁ። 3 እና 4 የሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ አደጋው በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ኬሞውንም ብዙ ጊዜ አይችለውም።

ከዛ ክብደት። ድሮ ስንት ኪሎ ነበሩ ስትሉ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ቀበቶውን እዩ። አንዴ የኮምቦልቻ ሰው መጡ (ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)፣ ቀበቶአቸው ላይ ከፋብሪካው ከመጣው ቀዳዳ ውጭ ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ በምስማር ተበስቷል፣ የመጀመሪያው ዙሪያው አርጅቶ ለስልሷል፣ ሦስተኛው ገና ነጭ ነው፣ የቆዳው ብናኝ ራሱ አልረገፈም። ልጃቸውን ስጠይቀው መስከረም ላይ እህል ለማስፈጨት አብረው ሄደው ለቀልድ ያህል ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ቆመው 68 ኪሎ ነበሩ አለኝ፣ የካቲት ላይ ዋርድ ስንመዝናቸው 57። 11 ሲካፈል ለ68፣ 16 በመቶ ወርዷል። በስድስት ወር ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ሳይፈለግ መውረድ ከባድ ምልክት ነው፣ እሳቸው በ5 ወር 16 ነው የወረዱት።

ላብራቶሪ ላይ አራት ነገር ፈልጉ። አልቡሚን (ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው)፣ ከ3.5 በታች ከሆነ ሰውነቱ ወይ ተርቧል ወይ እየተቃጠለ ነው፣ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። ሲኢኤ (በዚህ ካንሰር ጊዜ ደም ውስጥ ከፍ ሊል የሚችል ፕሮቲን ነው)፣ ከ5 በላይ ከፍ ያለ ነው የሚባለው፣ አጫሽ ላይ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ለምርመራ ብቻውን አይበቃም፣ ግን ከኦፕራሲዮን በፊት በጣም ከፍ ብሎ ከነበረ መጥፎ ነው፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ካልወረደ ደግሞ የባሰ። ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው)፣ ጉበቱ ላይ ካንሰር ያለበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ብዙ ኬሞም መስጠት ይከብዳል።

አራተኛው የደም መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፣ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከቆላ ሰው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የደሴ ሰው ላይ 11 ስታዩ «ምንም አይልም» አትበሉ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኖርማል ለባህር ጠለል ሰው የተሠራ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ወረድ ይላል ከ1800 ትንሽ በላይ ነው፣ እዛም ግን ያው ነው ነገሩ።

ሌላ ገንዘብ ሳትከፍሉ የምታገኙት ነገር ደግሞ አለ፣ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ አካፍሉት፣ ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። 78 ለ13 ከሆነ 6 ነው። ከ5 በላይ የሆነ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ቁጣ አለ ማለት ነው፣ ከካንሰር ጋር ሲሆን ጥሩ አይደለም። ግን ኢንፌክሽን ካለ ወይ ስቴሮይድ ከወሰደ ይዋሻል፣ ትኩሳት ያለው ቀን የተሠራውን አትውሰዱ።

እሺ እነዚህ ሁሉ ተሰበሰቡ፣ እንዴት ነው አንድ ላይ የሚሆኑት? ሀኪሞቹ ኖሞግራም የሚሉት ነገር አለ፣ ማስመሪያ የሚመስሉ መስመሮች ናቸው፣ ለዕድሜ ይሄን ያህል ነጥብ፣ ለጉበት ይሄን ያህል፣ ለሳንባ፣ ለአጥንት፣ ለሲኢኤ፣ ትደምሩና ታች ያለው መስመር ላይ «በ3 ወር ውስጥ የመሞት ዕድል» የሚል በመቶኛ ታነባላችሁ። አሪፍ ነገር ነው፣ ግን አብዛኞቹ የተሠሩት ከአሜሪካ መዝገብ ነው። እዚህ ስታመጡት ማን ከማን ይከፋል የሚለውን ደህና አድርጎ ሊለይ ይችላል፣ «35 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ግን አትመኑት፣ እዚህ 35 የሚለው 50 ሊሆን ይችላል። ኪሎውን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ብቻ በትክክል የሚናገር ሚዛን በሉት።

ደግሞ አንድ ወጥመድ። ብዙዎቹ እንደ ኖሞግራም ያሉ መገመቻዎች ላይ «ኬሞ አልወሰደም» የሚለው ትልቅ ነጥብ ያስቆጥራል። ኬሞ አለመውሰድ ነው የገደለው? የግድ አይደለም። በጣም የደከመ ሰው ኬሞ አይሰጠውም፣ በሁለተኛው ሳምንት የሞተ ሰው ኬሞ ለመጀመር አልደረሰም፣ ስለዚህ «ካልወሰዱት» ወገን ይቆጠራል። ኬሞ ለመውሰድ መጀመሪያ እስከዛ ቀን በሕይወት መቆየት አለባ! መጀመሪያ ቀን ላይ ስትገምቱ ገና ያልሆነን ነገር ማስገባት አትችሉም።

ቴሲስ ለምትሠሩ ልጆች እግረ መንገዴን፣ ከካርድ ክፍል ዳታ ስትሰበስቡ የኛን ቀን በቀጥታ ኤክሴል ላይ አትጻፉ፣ ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ወይ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል ወይ ወደ ሌላ ቀን ይቀይረዋል፣ ሌሎቹን ግን ዝም ብሎ ይቀበልና ነው የሚያጠፋችሁ። ቀድማችሁ ቀይሩ። ዜሮ ቀናችሁ (መቁጠር የምትጀምሩበት ቀን) አንድ ይሁን፣ ወይ ባዮፕሲ (ለምርመራ ሥጋ የተቆረጠበት ቀን) ወይ ኦፕራሲዮን፣ እየቀያየራችሁ አትውሰዱ። 60 ሞት ብቻ ይዛችሁ 20 የሞት ምክንያት አንድ ላይ አትፈትሹ፣ በተለምዶ ለአንድ ምክንያት 10 ሞት ገደማ ይባላል፣ 60 ካለ ስድስት ይበቃችኋል። «ጠፍቷል» የተባለውን ሰው ደግሞ በሕይወት አለ ብላችሁ አትቁጠሩ፣ ደውሉ፣ ስልኩ ከተዘጋ የአስታማሚውን ደውሉ፣ ስደውል ስንቱ ነው «አርባቸውን አውጥተናል» ያለኝ።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። ኖሞግራም ከሌላችሁ ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ «ይሄ ሰው በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ቢሞት ይገርመኛል?» ይሄ ጥያቄ በውጭም የታወቀ ነው፣ የሚገርም ቀላል ነው። «አይገርመኝም» ካላችሁ እቅዱ በሳምንት ይሁን፣ በወር አይሁን።

የማይድን ደረጃ ላይ ከሆነና ሀኪሙ «በአማካይ 12 ወር» ካለ ደግሞ ያን ቁጥር ለብቻው ይዛችሁ አትውጡ። ያ ማለት ግማሹ ከዛ በፊት፣ ግማሹ ከዛ በኋላ ነው። በደንብ የሚሠራ ዘዴ አለ፣ ለአራት አካፍሉት፣ ክፉው ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች እዛ ናቸው፣ 3 ወር። ግማሹንና እጥፉን ውሰዱ፣ ከ6 እስከ 24 ወር፣ ግማሽ የሚሆኑት ሰዎች እዚህ መሃል ናቸው። በሦስት አባዙት፣ 36 ወርና ከዛ በላይ፣ ጥቂት ዕድለኞች እዛ ይደርሳሉ። ለልጁ «12 ወር» ከማለት «ካልቀናን ሦስት ወር፣ እንደ አብዛኛው ሰው ከሆኑ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት፣ ከቀናን ሦስት ዓመት» ስትሉት ፊቱ ራሱ ይለወጣል፣ ማቀድ ይጀምራል።

የኮምቦልቻው ሰውዬ ጉበታቸው ላይ ብዙ ነጠብጣብ፣ በስተግራ ግማሽ የተዘጋ አንጀት፣ አልቡሚን 2.8፣ ሄሞግሎቢን 8፣ ኒውትሮፊላቸው ለሊምፎሳይታቸው ሲካፈል 6፣ 16 በመቶ የወረደ ክብደት፣ ዙህር መስጂድ ይወርዳሉ ግን አስር ሶላት እስኪደርስ ይተኛሉ፣ ኢኮግ 2። በ3 ወር ውስጥ ላጣቸው እችላለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዛ ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልነው፣ የማይነካው አንድ ወገን (ጉበቱ፣ ዕድሜው)፣ የሚነካው ሌላ ወገን። አንጀቱ ጨርሶ ተዘግቶ ሌሊት በድንገተኛ ከመግባታቸው በፊት ሆዳቸው ላይ የሰገራ መውጫ ተሠራላቸው፣ ደም ተሰጣቸው፣ ልጅየው በየቀኑ እንቁላልና ወተት ማምጣት ጀመረ፣ ሥጋ ባይኖር ምስርና ሽሮ አለ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ቤተሰቡ «ጨረር ካልተገኘ ዋጋ የለውም» ብለው አዲስ አበባ ወረፋ ሊጠብቁ ነበር፣ ይሄን ስንቱ ቤተሰብ እንደሚለው አትጠይቁኝ። ጨረር በዋናነት ለፊንጢጣው አካባቢ ካንሰር ነው፣ ላይ ያለው የትልቁ አንጀት ካንሰር ዋና ህክምናው ቀዶ ህክምናና ኬሞ ነው፣ ለጨረር ብሎ ሦስት ወር መቀመጥ ያን ሦስት ወር መጣል ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ሲመጡ ቀበቶአቸው ያው ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። አልጠበበም። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፣ ለኛ ግን ትልቅ ዜና ነበር፣ ግምቱንም እንደ አዲስ ሠራነው። ግምት አንዴ ተሠርቶ አይቀመጥም፣ ከቀዶ ህክምና በኋላ፣ ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ፣ ሆስፒታል በተኙ ቁጥር ይታደሳል።

ለማን ይነገር የሚለው እኛ ጋ ከባድ ነው። መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ጠዋት ይጠበቃል። ግን ታማሚው ራሱ አያውቅም ብላችሁ አታስቡ፣ ቀበቶውን የበሳው እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ለርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ለልጄ ንገሪው» ይላል፣ አንዳንዷ እናት ደግሞ ልጆቹን አስወጥታ «ንገሪኝ፣ ዕዳ አለብኝ» ትላለች። ሁለቱም መብታቸው ነው።

አሁን ፌስታሉ ውስጥ ከላይ የሚቀመጥ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ቀን በኛም በፈረንጅም፣ ስቴጅና የተመረመሩ ንፍፊቶች ቁጥር፣ ኢኮግ፣ ክብደት፣ አልቡሚን፣ ሄሞግሎቢን፣ ሲኢኤ፣ የሚወስዱት መድሃኒት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። ኬሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከታዘዘ በ8 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት ስለሚባል የመጨረሻውን ቀን ቆጥራችሁ ክበቡበት፣ ወረፋው እስኪያልፍ ዝም አትበሉ።

ከሥር ደግሞ «ያኑ ቀን የሚኬድበት» ብላችሁ ጻፉ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ወስዶ እስከ ጠዋት መጠበቅ የለም፣ በተለይ ኬሞ ከወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሉ የሚወርድበት ነው፣ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ነው የሚገድለው። በመጀመሪያው ዙር ኬሞ አፉ በሙሉ ከቆሰለና ተቅማጡ ካላቆመ ቀጣዩን ኪኒን አይውጥ፣ ወዲያው ይምጣ፣ መድሃኒቱን ማስወገድ የማይችል ሰውነት ያላቸው ሰዎች አሉ። ከኦፕራሲዮን በኋላ መጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ሆድ መነፋት፣ ልብ መፍጠን፣ ትኩሳት ካለ መጋጠሚያው አፍስሶ ሊሆን ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ እሱም ያኑ ቀን ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የወረቀቱ ጀርባ ላይ በሌሊት የሚነሳ የሹፌር ስልክ ሁለት ጻፉ፣ አንዱ ባይነሳ። ክረምት ላይ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ጉም ሲሆን መኪና የሚወጣው በእርምጃ ነው፣ ትኩሳት የጀመረ ሰው ይዛችሁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ፍለጋ አትጀምሩም።